በሳሙና የታጠበው አዳፕተር

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ነው። ስናገረው ሰው ሁሉ ይስቃል፤ አንዳንዴ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን እስከ ዛሬ የሳሙና ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ ልቤ ድንግጥ ይላል።

የምኖረው አቃቂ በሰቃ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቼ ከወጣሁ በኋላ ታክሲ መንዳት ጀመርኩ። የቤንዚን ሰልፍ ሲያንገሸግሸኝ አሮጌዋን መኪናዬን ሸጬ አንዲት ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። በእሷ ላይ ያለኝ ኩራት ትንሽ አልነበረም። ሰልፍ ላይ በቆሙ ጓደኞቼ አጠገብ ሳልፍ ሆን ብዬ ቀስ እል ነበር።

የዚህን መኪና ጠባይ ለማያውቅ አንድ ነገር ልንገር። ቤት ውስጥ ሲሰኩት ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይሞላል። በፍጥነት ለመሙላት ግን ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። እዚያ ያለው ወፍራም ኬብል ጫፉ ከመኪናዎ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ ደግሞ አይተውት ይመለሳሉ እንጂ አይሞሉም። የእኔና የብዙ ሰው መኪና ቀዳዳው የቻይናው ዓይነት ነው። እየቆየ ሲሄድ የአውሮፓው ዓይነት ጫፍ ያላቸው ማሽኖች መበራከት ጀመሩ። ሁለቱን የሚያገናኝ አዳፕተር የሚባል ዕቃ አለ። ከበድ ያለ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ውስጡ በሽቦና በኤሌክትሮኒክስ የተሞላ ነገር ነው።

ጓደኞቼ አዳፕተር ሲገዙ ሳቅኩባቸው። «ለእኔ የቃሊቲዋ ጣቢያ ትበቃኛለች። እናንተ ለማሽን ጫማ ግዙለት» አልኳቸው። ይህን የተናገርኩበትን አፍ በኋላ ረግሜዋለሁ።

የዚያን ዕለት አባቴን አዳማ ወደሚገኝ አንድ የዓይን ክሊኒክ ማድረስ ነበረብኝ። አባባ ሰማንያን አልፈዋል። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነበር። ለቀዶ ሕክምናው ብዙ ወር ተራ ጠብቀዋል። ከአምስት ሰዓት ካረፈድን ተራው ለሌላ እንደሚሰጥና እንደገና መመዝገብ እንዳለብን ክሊኒኩ በስልክ አስጠንቅቆናል። ምንም ነገር ተስፋ አድርገው የማያውቁት አባባ ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምሮ ካፖርታቸውን በዳበሳ ብሩሽ ሲያደርጉ ሰነበቱ።

በዋዜማው ሌሊት ሰፈራችን መብራት ጠፋ። ጠዋት ስነሣ መኪናዋ አሥራ አራት ፐርሰንት ላይ ነበረች። በዚህ አዳማ አይደረስም። ምን ገዶኝ፣ ጣቢያዬ አለችልኝ ብዬ አባባን ከኋላ አስቀምጬ ሁለት ሰዓት ላይ ቃሊቲ ደረስኩ።

የጣቢያው ሠራተኛ ገና ሲያየኝ እጁን አወዛወዘ። «ጋሼ፣ የድሮው ማሽን ትናንት ተነሥቷል። አሁን ያሉት እነዚህ አዲሶቹ ብቻ ናቸው። አዳፕተር ይዘዋል?»

«ሳትነግሩን?» አልኩ ቆጣ ብዬ።

«ማስታወቂያ ለጥፈናል» አለ። እውነቱን ነው። በሩ ላይ በትልልቁ ተለጥፏል። ሳምንቱን ሙሉ በሥሩ ስገባና ስወጣ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሌላው የማውቀው ጣቢያ መሃል ከተማ ነው። በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ደርሶ መመለስ የማይታሰብ ነው። መናኸሪያ ሄደን አውቶቡስ እስኪሞላ ብንጠብቅም አምስት ሰዓት ያልፋል። አዳፕተር ወዳላቸው ጓደኞቼ ደወልኩ፤ አንዱ አያነሣም፣ ሌላው ሥራ ላይ ርቆ ሄዷል።

«ምነው ቆምን?» አሉ አባባ ከኋላ።

«ትንሽ ነው አባባ፣ አሁን እንሄዳለን» አልኩ። እንደማንሄድ ግን አውቄዋለሁ።

አጠገቤ አንዲት ሴት መኪናዋን ሞልታ ኬብሉን እየነቀለች ነበር። ሠላሳ ዓመት ብታልፍ ነው። የሷም መኪና የቻይና ነው፤ እጇ ላይ አዳፕተር ይዛለች። እኔ አልጠየቅኳትም። እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ? እሷ ግን ወደ ኋላ ወንበር አየት አድርጋ «ማን ናቸው?» አለችኝ።

«አባቴ ናቸው። ዓይናቸውን ሊታከሙ አዳማ ቀጠሮ አላቸው።»

ዕቃውን ዘረጋችልኝ። «እኔ ሥራ ስለሚረፍድብኝ ቆሜ አልጠብቅዎትም። ሞልተው ይዘውት ይሂዱ። ነገ ጠዋት እናቴን ይዤ ሻሸመኔ ስለምሄድ መንገድ ላይ ያስፈልገኛል። ዛሬ አመሻሹን ብቻ እንዳያሳልፉብኝ።»

ደንግጬ መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ መያዣ ይሁንሽ አልኳት።

«መንጃ ፈቃድዎን ወስጄ እርስዎ በምን ሊነዱ ነው?» አለች። ስልክ ተለዋወጥን። ስሟ መሠረት ነው፤ እዚያው ቃሊቲ አንድ መጋዘን ቢሮ ትሠራለች። ልትሄድ ስትል አባባ በመስኮት እጃቸውን አወጡ። ሁሉንም ሰምተዋል።

«ልጄ፣ አሁን ድምፅሽን ብቻ ነው የማውቀው» አሏት። «ከዳንኩ በዓይኔ አይቼሽ አመሰግንሻለሁ።»

እጃቸውን ይዛ «አሜን አባባ» አለችና ቶሎ ፊቷን አዞረች። የቸኮለች መስሎኝ ነበር።

አዳማ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ደረስን። የአንደኛው ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና በሰላም አለቀና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ገባን። አዳፕተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ለባለቤቴ ለወይንሸት «የሰው ዕቃ ነው፣ ዛሬውኑ ይመለሳል» አልኳት። አባባን አስተኛሁና እኔም ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ አዳፕተሩ ጠረጴዛው ላይ የለም። ጓሮ ብወጣ ከታጠቡ ሳህኖች መሃል ፀሐይ ላይ ተደፍቷል። ገና ይንጠባጠባል።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«አጠብኩት። በአቧራና በግራሶ ተለውሶ የሰው ዕቃ እንዲህ ይመለሳል?» አለች ወይንሸት። «ነገ የሚነሣው የኔ ስም ነው።» ደግሞም ባዶውን አይመለስም ብላ ጠዋት የጋገረችውን ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላለታለች።

ጮህኩባት። መጮኼን አሁን ሳስበው አፍራለሁ። እናቷ ያስተማረቻትን ነው ያደረገችው። ድስት ተዋሰን፣ ወንፊት ተዋሰን፣ ሳይታጠብ መልሰን አናውቅም። ይሄኛው ውኃ እንደማይነካው ልነግራት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። የሰው ዕቃ ነው ብዬ አስቀምጬ የተኛሁትም እኔ ነኝ።

ፎጣ አምጥቼ ጠረግኩት፤ አራገፍኩት። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ያኔ ነው ክፉ ሐሳብ የመጣብኝ። ዝም ብዬ ብመልስላትስ? ሊደርቅም ይችላል። ባይሠራ እንኳ ራሱ ተበላሸ ትላለች፤ እኔን ማን ይጠረጥረኛል? የቻይና ዕቃ ደግሞ ሲበላሽ ማንም አይገረምም። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ዳቦውን ፌስታል ውስጥ እየከተትኩ ነው። ግን በፋብሪካው ጥገና ክፍል ሳለሁ ውኃ የገባው የመብራት ሳጥን ሲፈነዳ በዓይኔ አይቻለሁ። አዳፕተሩ የሚሸከመው ኃይል ደግሞ የቤት መብራት አይደለም። ልደብቃት ያሰብኩት አደጋውን ሳላውቅ አይደለም እንግዲህ፤ እያወቅኩ ነው።

ልወጣ ስል አባባ አንድ ዓይናቸው እንደታሸገ ከአልጋቸው ጠሩኝ። ክርክራችንን ሰምተዋል።

«ያቺ ልጅ ነገ የምትሄደው ብቻዋን ነው?» አሉ።

«እናቷን ይዛ ነው አባባ።»

«እ» አሉ። ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

በስልክ አቅጣጫ ጠይቄ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መሠረት ቤት ደረስኩ። በረንዳው ላይ ለመንገድ የተዘጋጀ ሻንጣ ተቀምጧል። እናቷ ጥቁር ለብሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። በአንድ እጄ አዳፕተሩን፣ በሌላው ዳቦውን ይዤ ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የተሳቀቅኩበት ጊዜ አላስታውስም።

«ሳልነግርሽ ብሄድ ስለማይሆን ነው» አልኳት። «ባለቤቴ አጥባዋለች። በሳሙና።»

የቀለድኩ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ከታጠበ በኋላ ሰክተውታል?»

«አልሰካሁትም። አንቺም እንዳትሰኪው።»

ዕቃውን ተቀብላ አገላበጠችው። «ነገ የአባቴ ሙት ዓመት ነው» አለች። ለእኔ ሳይሆን ለዕቃው የምትነግረው ትመስል ነበር። «ዘመድ ሁሉ እኛን ነው የሚጠብቀው።»

ይህኔ እናቷ ከተቀመጡበት «ምን ሆነ ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁ። ነገረቻቸው።

«በሳሙና?» አሉ እናትየዋ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቁ ነው። «ምን ታስከፊዋለሽ ሰውየውን? እኔም ብሆን አጥበው ነበር።» ዳቦውን ከእጄ ተቀብለው አሸተቱትና ወደ ውስጥ ገቡ።

መሠረት ግን አልሳቀችም። ተናዳለች፤ መናደዷም ትክክል ነበር። «በአውቶቡስ እንሄዳለን» አለች። እኔም ጠዋት መጥቼ መናኸሪያ እንዳደርሳቸው ለመንኳት። በማግስቱ ገና ሲነጋ ሁለቱንም ቃሊቲ መናኸሪያ አደረስኩ። ሻንጣቸውን አስጫንኩ፤ ለእናትየዋ በመስኮት በኩል ቦታ አስያዝኩ፤ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስም ቆሜ ጠበቅኩ። መሠረት እጇን ያነሣችልኝ አውቶቡሱ የመናኸሪያው በር ላይ ሲደርስ ነው።

አዳፕተሩን ሌላ እንደምተካላት ነግሬያት ይዤው ተመልሼ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ብሎኖቹን ፈታሁ። አራት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ ከውጭ ደርቋል። ከፍቼ ሳዘነብለው ግን ግማሽ የቡና ስኒ የሚሆን ውኃ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ገና የሳሙና ሽታ ነበረው። ወይንሸት አፏን በእጇ ይዛ ቁጭ አለች።

ሁለት አዲስ አዳፕተር ገዛሁ፤ አንዱ ለሷ፣ አንዱ ለኔ። እወስድልሻለሁ ስላት «እኔው እመጣለሁ፣ አባባንም ልጠይቃቸው» ብላ አንድ እሑድ ከሰዓት ቤታችን መጣች። የአባባ ዓይን በዚያ ሰሞን ተገልጧል። ከበር ላይ «እንደምን ዋላችሁ» ስትል ድምፅዋን ለዩት። ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ብርሃኑ አቀረቧትና ፊቷን ዝም ብለው አዩት። ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አገጯን፣ ሁሉንም ቀስ ብለው አዩት።

«እንዲህ ነሽ ለካ» አሉ።

መሠረት ማልቀስ ጀመረች። ወይንሸት ደንግጣ ውኃ ልታመጣ ሮጠች። ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች «የኔም አባት የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት በድምፄ ብቻ ነው ያወቁኝ» አለች። «ተራቸው ሳይደርስ አለፉ።»

በዚያን ጠዋት ጣቢያው ላይ ለማታውቀው ሰው ዕቃዋን ለምን እንደሰጠች ያኔ ገባኝ። እኔ ደግሞ ይህችኑ ልጅ በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ በዝምታ ላታልላት ፌስታል ስቋጥር ነበር። ለአባባም ለወይንሸትም ይህን ሐሳቤን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። አባባ ግን ያወቁት ይመስለኛል።

አሁን አዳፕተሬ ከመኪናዬ አይወርድም። ጣቢያ ላይ እንደኔ ማስታወቂያ ሳያነብ የመጣ ሰው አይጠፋም፤ አውሰዋለሁ። ሳውስ ሁልጊዜ «በአቧራው መልሱልኝ፣ እንዳታጥቡት» እላለሁ። ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። ስቀው እስኪጨርሱ እጠብቅና እደግምላቸዋለሁ።