ከይሪያ አልሸጥም ያለችው መድኃኒት

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። ከይሪያ በከተማው ገበያ አጠገብ ዘርና የሰብል መድኃኒት ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ሱቁን ብቻዋን ይዛ፣ "እሷ ዘንድ የተበላሸ ዕቃ የለም" አሰኝታለች። ከምንም በላይ የምትሳሳው ለዚህ ስሟ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ወንዳፈረው ሱቋ በር ላይ ቆመ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ፣ በቲማቲሙ የታወቀ ገበሬና የቆየ ደንበኛዋ ነው። ግንዳቸው ከሥሩ ጠቁሮ የወደቁ ችግኞች በእጁ ይዟል።

"ይሄን የሻጋታ መድኃኒት ከምን ጋር ነው የምትደባልቂው?" አላት፣ ሰው እየሰማ። "ድሮ አንዴ ከረጨሁት ይበቃ ነበር። ዘንድሮ እጥፍ አድርጌም ችግኜ አለቀ።"

ፊቷ ጋለ። ቢሆንም ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "ምንም አልደባለቅሁም። ዝም ብለህ እመነኝ ግን አልልህም፤ አብረን እናየዋለን" አለችው።

በማግስቱ ግብርና ቢሮ ሄዳ ማይ የሚባለውን ወጣት ባለሙያ አማከረች። እሱ እንዳላት ከሁለት ቦታ አፈር አስመጣች፤ አንዱን ከወንዳፈረው ማሳ፣ ሌላውን እንደዚያው ችግኝ ከሚያበሰብስ፣ መድኃኒት ግን ነክቶት ከማያውቅ ጓሮ። አፈሩን በየጣሳው ሞልታ ደጃፏ ላይ ቲማቲም ዘራችበት። ገበያተኛው እያየ ወንዳፈረው ራሱ ከሱቋ የዚያኑ መድኃኒት አዲስ እሽግ ቀዶ፣ በጥብጦ ሁሉንም እኩል አጠጣ።

ከበቀለ በኋላ የጓሮው አፈር ችግኝ ቀጥ ብሎ አደገ። የወንዳፈረው አፈር ችግኝ ተራ በተራ ተጋደመ።

"መድኃኒቱ ደህና ነው፤ የለመደው ፈንገሱ፣ ሻጋታው ነው" አለ ማይ። "በየዓመቱ ያንኑ ሲረጩ ደካማው ይሞታል፣ መድኃኒቱን የሚችለው ይተርፋል። አሁን ማሳዎን የሞላው የዚያ የተረፈው ዘር ነው።"

"ታዲያ ሌላ እጥፍ ልጨምርበት?" አለ ወንዳፈረው።

"አልሸጥልህም" አለች ከይሪያ።

ማይ በመከረው መሠረት ወንዳፈረው ያንን ማሳ ሁለት ክረምት በቆሎ ዘራበት። ችግኙንም ውሃ በማይተኛበት ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ በሌላ ቦታ ማፍላት ጀመረ። ከይሪያ በየዓመቱ ያንኑ ሲረጭ ኖሮ ለመጣ የቲማቲም ገበሬ ሁሉ ይህንኑ ትነግራለች። መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ። ጎረቤቷ ነጋዴ ነጂብ፣ "በገዛ እጅሽ ገበያሽን ትዘጊያለሽ እንዴ?" አላት።

"እንደማይሠራለት እያወቅሁ ከሸጥኩለትማ፣ ያኔ አታለልሽኝ ቢለኝ እውነቱን ነው" ብላ መለሰችለት።

በሦስተኛው ዓመት የወንዳፈረው ማሳ ቲማቲም በቲማቲም ሆነ። ገበያ ላይ ምን እንዳደረገ የጠየቁትን ገበሬዎች፣ "ሂዱና ከይሪያን ጠይቋት። አልሸጥም ካለቻችሁ አትከራከሯት" ሲላቸው፣ እሷ ሱቋ ውስጥ ዘር እየመዘነች ሰማችው። ሻሿን አስተካክላ፣ ፈገግታዋን መደበቅ እንዳቃታት ወደ በሩ ወጣች።