ሐይቁ ዳር ያልበላሁት ቂጣ

ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ፣ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ባለፈው ዓመት ከእኛው ከቤተ እስራኤሎች ጋር አገር ቤት ሄደን ጎንደርን አየንና ወደ ጣና ወረድን። አስጎብኚው ባሕር ዳር ጫፍ ላይ ከመኪና አውርዶን በደንገሉ መካከል አንድ ሰዓት ሙሉ በእግራችን ነዳን፤ ወደ ወይጦዎች መንደር። ወይጦ ማለት ከደንገል ታንኳ የሚሠራ፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ አገሬው ግን «ጉማሬ በላ» እያለ አብሮት ማዕድ የማይቆርስ ሕዝብ ነው።

አንዲት አሮጊት ደጃፋቸው ላይ ዓሣ ይጠብሳሉ። እንግዳ ሲያዩ ተነሡ፤ ቂጣ ቆርሰው፣ ዓሣውን ከላዩ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። ቅርፊት ያለው፣ ለኛ የተፈቀደ ዓሣ ነው፤ ማመካኛ እንኳ የለኝም። ምን አባቴ እንደነካኝ እንጃ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ተጸየፍኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ በልቼ ነው የመጣሁ» አልኳቸው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።

«ግድ የለም ልጄ» አሉና ቂጣውን ሰፌዱ ላይ መልሰው አኖሩት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኢየሩሳሌም ተመልሼ ቤት ስገባ እናቴ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ጠየቀችኝ።

«ወይጦዎቹ ዘንድ ሄዳችሁ? ምን አበሏችሁ?»

«ዓሣ በቂጣ።»

«በላሽ?»

«በላሁ እንጂ! ምን ሆኜ ነው የማልበላው?»

አፈር ልብላ! እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በልጅነቷ ገበያ መንገድ ላይ ውሃ ስትለምን፣ ፈላሻ ናት ብለው በዋንጫ አይሰጧትም፤ ከላይ እያንቆረቆሩ በእፍኟ ነበር የሚያጠጧት። መቶ ጊዜ ነግራኛለች።

«እኛም ብንሆን» አለች፣ «የሌላ ወገን ሰው ከነካን ሳንታጠብ ቤት አንገባም ነበር። አንቺ ግን ከዚህ ሁሉ ወጣሽልኝ። እሰይ ልጄ!»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ከበደ። እናቴ ለጎረቤቱ፣ ለኩፓት ሆሊም ክሊኒኳ ነርስ፣ ለአውቶቡስ ሾፌሩ ሳይቀር አወራችው። ስንቴ «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ብዬ ጀምሬ፣ ፊቷን ሳይ «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ብዬ ጨረስኩ መሰላችሁ። ፈሪ ነኝ።

የእኛ የቤተ እስራኤሎች የሲግድ በዓል ደረሰና ጾመን ከሕዝቡ ጋር ከተማውን ቁልቁል ወደሚያሳየው አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ወጣን። ጸሎቱ ሲያበቃ እናቴ እጄን ይዛ ወደ አንድ የእኛው ሽማግሌ ቄስ ጎተተችኝ።

«ይመርቁልኝ! ይቺ ልጄ ከወይጦ እጅ ተቀብላ በልታለች» አለች፣ ዙሪያችን ያሉት አሮጊቶች እንዲሰሙላት ጮክ ብላ።

አሁን ተናገሪ፣ አልኩ ለራሴ፤ አሁን ካልተናገርሽ መቼም አትናገሪ። አፌንም ከፍቼ ነበር። እናቴ ቀና ብላ ታየኛለች። እንዲያ ኮርታ አይቻት አላውቅም።

ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ። «ሰው እንዳልተጸየፍሽ፣ አንቺንም ማንም አይጸየፍሽ!»

አሮጊቶቹ «አሜን!» አሉ። እናቴ ክንዴን ጎሰም አደረገችኝ።

«አሜን በይ እንጂ!»

«አሜን» አልኩ።