ከ«ደህና ነኝ» በፊት

እናቴ በሌላ ነገር አትዋሽም፤ ስለ ጤናዋ ሲሆን ግን ዓይኗን በጨው አጥባ ትዋሻለች። ሄሮን ሰፈር ፈረንጆች ቤት እየኖረች ትሠራለች። ዓርብ ዕረፍቷ ስለሆነ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ወደምኖረው እኔ ጋ ትመጣለች። ያን ሰሞን ግን ሦስት ዓርብ በተከታታይ ቀረች። ስደውል «እንግዳ በዝቶባቸው ነው፤ እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን፤ አንቺ ምሳ በላሽ?» ትለኛለች። በልቻለሁ እልና ወደ ኮምፒውተሬ እመለሳለሁ።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ውጭ አገር አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ከበረዶ እጅግ በባሰ ቅዝቃዜ የሚቀመጥ ኪውቢት የሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዑደት አለ። ማይክሮዌቭ ይላክበታል፤ ተመልሶ ከሚመጣው ደካማ ሲግናል «ዜሮ ነው» ወይም «አንድ ነው» ብሎ መፍረድ የእኔ ፋንታ ነው። እነሱ መረጃውን በኢንተርኔት ይልኩልኛል፣ እኔ ቬንቲላተር ሥር ላቤን እየጠረግሁ እፈርዳለሁ። ታዲያ ፍርዴ ይሳሳት ነበር፤ አንድ የሆነውን ዜሮ እላለሁ። ሲግናሉን የሚያጎላው ማጉያ ነው ብዬ ስንት ቀን ማጉያውን ረገምኩት!

ጥፋቱ የራሴ ነበር። አንድ የሆነ ኪውቢት አንድ ሆኖ አይቆይም፤ ገና እየተለካ ሳለ ወደ ዜሮ ሊወድቅ ይችላል። እኔ ደግሞ ሲግናሉን ከመነሻው እስከ መጨረሻው እኩል እየደመርኩ፣ ከወደቀ በኋላ ያለውንም ሁሉ አምን ነበር። ለመነሻው የበለጠ ክብደት ሰጠሁት፤ ስሕተቱ ቀነሰ። ደስ ብሎኝ እማዬ ጋ ደወልኩ።

«አቤት» አለች። ጥርሷን ነክሳ የተናገረች ይመስል ነበር። ወዲያው ድምፅዋ ተስተካከለና «ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ በላሽ?» መጣ። ወይ ጉድ! ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰማሁት ይህንን የኋለኛውን ብቻ ነበር፤ መነሻውን «አቤት» ልብ ብዬው አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

በፈረንጆቹ ቤት የጓሮ በር ስገባ ልብስ መተኮሻው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ግራ እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ አገኘኋት። ስኳር አለባት። ጨርቁን ስፈታው ትንሿ ጣቷ ጠቁራለች።

«ማን ነገረሽ?» አለች ተቆጥታ።

«አንቺው ነሻ።»

«እኔማ ደህና ነኝ ነው ያልኩሽ!»

«ከሱ በፊት።»

አለቀስኩ፤ ተቆጣኋት፤ እንደገና አለቀስኩ። «ሥራሽን ትተሽ እኔን ስታስታምሚ እንዳትከርሚ ብዬ ነው እኮ» አለች። ያኑ ዕለት ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ሐኪሙ ጣቷን ቆረጠ፣ እግሯ ተረፈ። ጥቂት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ እግሯም አይተርፍም ነበር አለን።

ድና ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ማን ሊያስቆማት! እንዴት እንዳወቅሁባት ስለነገርኳት፣ አሁን ስልኩ ሲጠራ መጀመሪያ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ነው የምታነሳው። አሠሪዋ እየሳቀች ነገረችኝ። እኔን ግን አላሳቀኝም። ዓርብ ከቀረች አልደውልም፤ ታክሲ እይዛለሁ።