ግርዱ የማን ነው

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከሱቅ የታሸገ ምስር ይዛልኝ መጣች። ተለቅሞ የጸዳ ነው፣ ወደ ድስቱ መገልበጥ ብቻ ነው አለችኝ። እኔ ግን ሰፌዴን ከተሰቀለበት አውርጄ ዘረገፍኩትና ማበጠር ጀመርኩ። አንዲት ጠጠር ብቅ አለች። ልጅቷ ሳቀችብኝ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። እጄ ዛሬም ሥራውን አልረሳም።

ይህ እጅ ሥራውን የተማረው ጎንደር ውስጥ፣ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ከነበረ የእህል ነጋዴ መጋዘን ነው። ጣሊያን ከወጣ ቆይቷል፤ ትቶት የሄደው የቆርቆሮ ቤት ግን የእኛ መዋያ ሆኖ ነበር። እናቴ ስትሞትብኝ ከመካነ ብርሃን ወርጄ አክስቴ ዘንድ ተጠግቼ እኖር ስለነበር፣ ሥራ ማግኘቴን እንደ ሹመት ነው የቆጠርኩት። በየካቲት የደምቢያ ሽምብራ በአጋሰስ እየተጫነ ይገባል፤ እኛ ሴቶቹ እናበጥራለን፣ እንለቅማለን፤ ንጹሑ በማኪና ወደ አስመራ ይሄዳል። ያን አቧራ ሳስበው ዛሬም ጉሮሮዬን ይከረክረኛል።

የቀን ሂሳባችን ከጨው አያልፍም። ያኖረን ግርዱ ነበር። ከሰፌዱ ጫፍ የሚወርደው ስንጥቁና ጭምጭሙ፣ ከገለባ የተቀላቀለው ሽምብራ፣ ከድሮ ጀምሮ የአበጣሪዋ ድርሻ ነው። ማታ በነጠላችን ቋጥረን እንወስድና ጠጠሩን ለቅመን እንቆላዋለን፣ እንፈጨዋለን። የሁዳዴ ሽሯችን እሱ ነው። እንዲያውም ከጌታው ሽሮ የእኛ ይጣፍጣል እያልን እንሳሳቅ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የመጋዘኑ ጌታ አቶ ፈንታሁን ካቦውን አስከትሎ መጣ። ካቦው ከጣሊያን የተረፈ ኮት የሚለብስ፣ ከራሱ ይልቅ ኮቱ የሚከበርለት ሰው ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ግርዱ ለጌታው በቅሎዎች በጆንያ ይቀመጣል አለን። ከሁላችን የምትበልጠው እትዬ የሺ፣ ያለ አባት የምታሳድጋቸው ልጆች የነበሯት፣ ሰፌዷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ማታ ለልጆቿ ምን ልትፈጭላቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በፊት ጌታውን ቀና ብዬ እንኳ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ተነሣሁ።

«ጌታው፣ ምርቱም የርስዎ፣ ግርዱም የርስዎ ከሆነ እኛ ምኑን ከምኑ እንለያለን? ሁሉንም እንዳለ ይጫኑት» አልኩት።

ሰፌዴንም በአፍጢሙ ደፋሁት። እትዬ የሺ አየት አደረገችኝና የሷን ደፋች። ሌሎቹም ተከታትለው ደፉ። ማኪናው ደጅ ቆሟል፤ ሹፌሩ ያልተበጠረ እህል አልጭንም አለ፤ የአስመራው ገዢ እንደሚመልሰው ያውቃላ። ካቦው ገበያ ሮጦ፣ እንጨት ሸጠው ወደ አዘዞ የሚመለሱ ሴቶች ይዞ መጣ። እነሱም የተደፋውን ሰፌድ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ እትዬ የሺ ነገረቻቸው።

«ምነው እቴ፣ ከእናንተ ጉሮሮ ነጥቀን ልንበላ ነው?» አለች አንደኛዋ፤ መንገዷንም ቀጠለች። ሌሎቹ ተከተሏት።

ቀትር ሲያልፍ ሹፌሩ ባዶውን ሊሄድ ሞተሩን አስነሣ። ያኔ አቶ ፈንታሁን ግርዳችሁን ውሰዱ፣ ብቻ እህሉን አድርሱልኝ አለ። ወደኔ ዞሮም፣ «አንቺን ግን ከነገ ጀምሮ እዚህ ደጅ እንዳላይሽ» አለኝ።

ሰፌዳችንን አንሥተን እስኪመሽ አበጠርን። እኔ እጄ ይሠራል እንጂ ልቤ አክስቴ ቤት ነበር፤ ምን ብዬ እንደምገባ ጨንቆኛል። ግርዱን ስንቋጥር እትዬ የሺ መጥታ ነጠላሽን ዘርጊ አለችኝ። ከድርሻዋ በሁለት እጇ አፍሳ ጨመረችልኝ። ሌሎቹም እየመጡ ጨመሩልኝ። ቋጠሮው ከብዶኝ ስንገዳገድ፣ «ቻይው፣ ሸጋ ልጅ» ብላ አሸከመችኝ።

ያን ሽምብራ ቆልቼ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ልጆቼን ያሳደግኩት እንዲህ በጀመርኩት የቆሎ ንግድ ነው። ብዙ ነገር አልፎብኛል፣ የዚያን ቀኑን ያህል የምኮራበት ግን የለኝም።

ይህን ስነግራት ልጅቷ መሳቋን ተወች። ከሰፌዱ ጫፍ የቀረችውን ጥቂት ስባሪ ምስር ልትደፋ ስትል እጇን ያዝኳትና፣ ይህን የለቀመችው ሴት ማታ ቤቷ ምን ይዛ ትገባለች ብዬ ጠየቅኳት። ማሸጊያውን አንሥታ ፊትና ጀርባውን አገላብጣ አየችው። ስለሷ የተጻፈ ነገር አልነበረበትም።