ከቀበና ወንዝ የወጣ ወረቀት

ባለፈው ቅዳሜ የግቢያችንን የውኃ ታንከር አሳጠብኩ። አጣቢው ከሥሩ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር በእፍኙ ዝቆ «እማማ፣ ይሄን የት ልድፋው?» ሲለኝ ተቀብዬ አሸተትኩት። ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። እኔ በዚያ ሽታ ተመልሼ ስድስተኛ ክፍል ገብቼ ነበር።

ያኔ የሳይንስ አስተማሪያችን ለወላጆች ቀን የሚታይ ነገር ሠርታችሁ አምጡ አለን። ከአልጌ፣ ከዚሁ ውኃ ውስጥ ከሚበቅል አረንጓዴ ዝልግልግ፣ ወረቀት ይሠራል ብሎን ስለነበር፣ እውነት ይሁን ውሸት ካላየሁ እንቅልፍ አልወስድሽ አለኝ። ጓደኛዬን በላይነሽን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። አባቷ መሪጌታ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ብራና እየፋቁ የሚኖሩ ሰው ነበሩ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ከትምህርት ቤት ሊያስወጧት ቆርጠዋል።

«ለወላጆች ቀን ይመጣሉ። ደህና ነገር ካላዩ አለቀልኝ» አለችኝ።

በጥር የቀበና ወንዝ ይጠራል፤ ድንጋዩ ሁሉ አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል። ከክፍል ስንወጣ ቀሚሳችንን ሰብስበን እንገባለን። ውኃው አጥንት ይሰብር ነበር። ገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ስንለቅም ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች «ለየትኛው ወጥ ነው?» እያሉ ያሾፉብናል።

በላይነሽ አሠራሩን አውቃለሁ አለች። የምታውቀው እንግዲህ የብራናውን ነው። አልጌውን ጨርቅ ላይ አንጥፈን ጠፈፍ ሲል፣ አባቷ ቆዳ እንደሚወጥሩት ጠርዙን በስታ፣ በገመድ እንጨት ላይ ወጥራ ፀሐይ ላይ አቆመችው። በደረቀ ቁጥር ገመዱን ታጠብቃለች።

«ካልተወጠረ ይጨማደዳል» ትላለች። እኔም ቆዳ አለመሆኑ ትዝ ሳይለኝ ጫፉን ያዝኩላት። ከመሐል ተተረተረ።

ሁለተኛውን ወንፊት ላይ አንጥፈን፣ እጃችንን ሰብስበን ጥላ ውስጥ ተውነው። ደርቆ ሲላጥ ተንኮሻኮሸ። ዳር ዳሩ የተበጣጠሰ፣ ረግረግ ረግረግ የሚሸት፣ ግን ወረቀት! በደስታ ጮህኩ።

በወላጆች ቀን መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት፣ አሸተቱት፣ ፊታቸውን አጨፈገጉ። ከዚያ የመቃ ብዕራቸውን አውጥተው፣ ቀለም ነክረው፣ የልጃቸውን ስም መጀመሪያ ፊደል ጻፉበት። ቀለሙ ተስፋፍቶ ተስፋፍቶ ፊደሉ ጠፋ።

«ጠጣው» አሉ መሪጌታ። ወረቀቱን ገልብጠው አይተው፣ «ለምን ጠጣው?»

«እኔንጃ፣ አባባ» አለች በላይነሽ። «ብራናዎ እንዲህ አይጠጣም። ይሄ ቀዳዳውን የሚደፍንለት ነገር ሳያስፈልገው አይቀርም።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«ገና አልሞከርነውማ! የተልባ ውኃ ይሁን፣ ሙጫ ይሁን... በሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን።»

መሪጌታ ጥቁሩን ነጠብጣብ ሲያዩ ቆዩ። «እንግዲያው ቀለም ሲይዝ አሳዩኝ» አሉና ብዕራቸውን ጠራርገው ወጡ። ትምህርት ስለማቋረጥ በዚያ ክረምት ቤታቸው ውስጥ ያነሣ አልነበረም።

በተልባ ሞከርን፤ አተላ ሆነ። በግራር ሙጫ ሞከርን፤ ተሰነጣጠቀ። መሪጌታ በየዓመቱ ብዕራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ይጽፋሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይጠይቃሉ። በላይነሽ እንዲህ እንዲህ እያለች አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች።

ዛሬ በስልክ ስናወራ እንስቅበታለን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንዳንዴ ይሰቀጥጠኛል። ያን ቀን ቀለሙ ቢይዝ ኖሮ፣ መሪጌታ ደስ ብሏቸው ይመርቁንና፣ ለሚቀጥለው ዓመት የሚጠብቁት ነገር ስለማይኖር፣ ልጃቸውን ይዘው ወደ እንጦጦ ይወጡ ነበር።