በሰው ማንጎ ሥር የተተከለ ዝንጅብል

ጋምቤላ ውስጥ ጥላ ንብረት ነው። ጥላ የሌለው ሰው ከረፋዱ በኋላ የት እንደሚውል አላውቅም። የእኛ ግቢ ደግሞ የራሱ ጥላ የለውም። አንድ ፓፓያና አንድ የደከመ ሎሚ አለን፤ የቀረው የጎረቤቴ ማንጎ ነበር። ግንዱ በእሱ ግቢ ቆሞ ግማሹ ቅርንጫፍ አጥሩን ተሻግሮ በእኛ ላይ ይተኛ ነበር። ወደ እኛ የወደቀው ፍሬ የእኛ ነው፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

ጎረቤቴ ከወሎ መጥቶ እዚህ ሱቅ የከፈተ ሙስሊም ነው። እኔ እዚሁ ባሮ ዳር ተወልጄ የውሃ ፓምፕ በመጠገን እተዳደራለሁ። ፊደልንም ሞተርንም ያስተማረኝ ሰው የለም። አማርኛ ማንበብ የጀመርኩት ከሲሚንቶ ከረጢትና ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በዚህ ስኮራ ኖሬያለሁ። የትልቋ ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በመጣ ዕለትም ይኸው ኩራት ነው የተናገረው። እንደ አብዛኞቹ የክፍሏ ልጆች እሷም አላለፈችም።

"እኔ ያለ አስተማሪ ተማርኩ፤ አንቺ አስተማሪ እያለሽ ምን ሆንሽ?" አልኳት።

ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኛ ጋር ማዕድ አልቀረበችም። ምግቧን ወደ ክፍሏ ትወስዳለች፤ አንዳንዴ ሳትነካው ትመልሰዋለች። ጓደኞቿ ሲመጡ "ተኝታለች በሏቸው" ትላለች። እናቷ "ልጄ ዓይኔ እያየ እየጠፋችብኝ ነው" ስትለኝ፣ "ስንፍና ነው፣ ሲርባት ትነሳለች" እላት ነበር። በልቤ ግን ፈርቼ ነበር።

ግንቦት ላይ ዝናቡ እንደ ጀመረ፣ ባለቤቴ ለሻይ ገዝታ ቅርጫት ውስጥ የረሳችው ዝንጅብል አቆጠቆጠ። ልትጥለው ስትል ልጄ ከክፍሏ ብቅ ብላ "ስጪኝ" አለች። ዓይን ያወጣውን እየለየች ቆራረጠችው፤ የተቆረጠበትን አመድ አስነክታ በእኛ በኩል ከማንጎው ጥላ ሥር ቀበረችው። የእኛ አፈር ጥቁር ነው፣ ሲዘንብ ውሃ ያቁራል። ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርጋ ዙሪያውን ቦይ ቀደደችለት፤ ላዩንም ደረቅ ሣር አለበሰችው። ከየት እንዳወቀችው አልጠየቅኳትም። በማለዳ ተነስታ ስትወጣ ማየቱ ይበቃኝ ነበር። እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያሉ ቡቃያዎች ሲወጡ ሳህኗም ባዶውን መመለስ ጀመረ።

"ስለ ዝንጅብሉ ካልሆነ አታናግረኝም" አለችኝ እናቷ።

"እንግዲያው ስለ ዝንጅብሉ አናግሪያት።"

መስከረም ላይ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጠራኝ።

"ወንድሜ፣ ይህን ማንጎ ልቆርጠው ነው። እናቴ ልትመጣልኝ ነው፤ ጉልበቷ ከድቷታል። አንድ ክፍል ልሠራላት ብዬ፣ ያለኝ ቦታ ይኸው ብቻ ነው።"

"ግንዱ ያንተ ነው" አልኩት። "ጥላው ግን የእኛም ነበር።"

ሳቀ። "ጥላውን ቀበሌ አስመዝግበኸዋል እንዴ? ካርታውን አምጣና እንተያይ።"

"እየቀለድኩ አይደለም። ከሥሩ የተተከለ ነገር አለ።"

"አይቻለሁ። ወላሂ ሌላ ቦታ ቢኖረኝ አልነካውም። እናት ሆነችብኝ።"

ለእናትህ ቤት አትሥራ ብሎ የሚከራከር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ከአጥሩ ተመለስኩ። ልጄ እዚያው መደቡ ዳር ተቀምጣ አረም ትነቅል ነበርና ሁሉንም ሰምታለች። እጇን አራግፋ ገባች። በማግሥቱ መጋዙ ሲጮህ ከክፍሏ አልወጣችም።

ፀሐይዋ መደቡ ላይ አረፈች። ሳምንት ሳይሞላ ቅጠሎቹ ተጠቀለሉ፣ ጫፋቸውም እሳት እንደ ነካው ወረቀት ሆነ። ልጄ ውሃ ለማጠጣት ብቻ ብቅ ትላለች፤ ምግቧም እንደ ድሮው ሳይነካ ይመለስ ጀመር። እኔ ነገር ሲንጠለጠል አልወድም። አንድ ማለዳ ዶማ ይዤ በሯ ላይ ቆምኩ።

"የሚሞትን ነገር ማስታመም ጊዜ ማባከን ነው። ንቀይውና ጎመን ዝሪበት።"

"አልነቅልም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"አልነቅልም፣ አባ። የተቃጠለው ቅጠሉ ነው። ሥሩን ጫር አድርጌ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው። አንተ ሳታይ ነው የፈረድከው።"

ባለቤቴ ድስት ማጠቧን አቆመች። በቤታችን እንዲህ ተናግሮኝ የሚያውቅ ልጅ የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁጣዬን ጎረቤት ሁሉ ይሰማው ነበር። ነገር ግን ውጤቱ ከመጣ ወዲህ ከልጄ አፍ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ዞር አልኩላት።

በቀጥታ ወደ ጎረቤታችን ሄደች። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአኝዋክኛ ነው፤ አማርኛዋ ግን ከእኔ ይሻላል።

"ጋሼ፣ የተቆረጡትን ቅርንጫፎች ይፈልጓቸዋል?"

"ለማገዶ ነው? ውሰጂ።"

"ለማገዶ አይደለም፣ ለዳስ ነው። ዝንጅብሉን ፀሐይ በላው።"

ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል መደቡን አየ። "እኔ ነኛ ያስበላሁት" አለና ወደ ሱቁ ገባ። ባዶ የስኳር ጆንያዎች ታቅፎ ተመለሰ። "እነዚህን ተርትረሽ እያያያዝሽ ስፊያቸው። ቅርንጫፉን እኔ አሻግርልሻለሁ። ለአባትሽም ጥላውን አስረክቤያለሁ በይልኝ።"

ዳሱን ልጄ፣ ጎረቤቴና እኔ ሆነን ሠራነው። ልጄ የቆፈረችውን የምሰሶ ጉድጓድ አይቼ "ይህ በመጀመሪያው ነፋስ ይወድቃል" አልኳት።

"ያንተንም እናያለን" አለች።

ነፋሱ መጣ። የተጋደመው የእኔ ምሰሶ ነበር። ምሳ ላይ ባለቤቴ ይህን እያነሳች ስትተርበኝ ልጄ ሳቀች። የሳቀችው አጠገቤ ተቀምጣ፣ እጇ ከእጃችን ጋር አንድ ሳህን ውስጥ ሆኖ ነው። መቼ መጥታ እንደ ተቀመጠች አላስተዋልኩም ነበር። ቀና ብዬ ሳላያት መብላቴን ቀጠልኩ፤ ባያት የምትነሳ መስሎኝ።

ጥር ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲተኛ ቆፈረችው። መጀመሪያ ፀሐይ ባገኘው በኩል የወጣው እንደ ሕፃን ጣት የቀጠነ ነው። ከመሃሉ ግን መዳፍ የሚሞላ፣ ሲሰበር አፍንጫ የሚከፍት ዝንጅብል ወጣ። ከሁሉ በፊት ለዘር የሚሆነውን ለየች። ቀጥላ ለጎረቤታችን እናት በሳህን ሞላች፤ እሳቸው አዲሱ ክፍላቸው በር ላይ ተቀምጠው በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዩን ነበርና ምርቃታቸው ከሳህኑ ቀድሞ ደረሰ። የቀረው ለማድቤት ሆነ።

"የእኔስ?" አልኳት።

"አንተ ሻይህ ውስጥ ታገኘዋለህ።"

ጌታን አመሰግናለሁ። ጎረቤቴንም አመሰግነዋለሁ፤ ዛፉ ቆሞ ላጠላልን ዘመንም፣ ቆርጦት ሲያበቃ ቅርንጫፍ ተሸክሞ ለመጣበት ቀንም። ልጆች ወላጆቻቸውን ይታዘዙ ብዬ በቤቴ ሁልጊዜ አስተምራለሁ፤ ወደ ፊትም አስተምራለሁ። ነገር ግን ያን ማለዳ ልጄ ታዝዛኝ ቢሆን ኖሮ፣ ያጣሁት ዝንጅብሉን ብቻ አይሆንም ነበር። ስላልታዘዘችኝም አመሰግናለሁ። ይህን ለመጻፍ ቀላል ሆኖልኝ አይደለም።

ስለ ፈተናው አልጠየቅኳትም። አፈሩን ከዝንጅብሉ ላይ አብረን እያጠብን ሳለ ራሷ አነሳችው።

"ምዝገባው ሲጀመር ለፈተናው እንደገና ልመዘገብ አስቤያለሁ" አለች፣ ከውሃው ቀና ሳትል። "ብወድቅ ግን እንደዚያን ቀን አትናገረኝ።"

"አልናገርሽም።"

"ማልልኝ።"

"እኛ አንምልም፤ መጽሐፉ አትማሉ ይላል። አዎ ካልኩ አዎ ነው።"

አፈር የያዘውን ዝንጅብል ገልበጥ አድርጋ አየችና ወደ እኔ ገፋችው።

"እሺ፣ ይሄን በደንብ እሸው" አለችኝ።