ዳታውን የት ላስቀምጠው?

ብሩክታይትን ሶዶ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ በጥገና ነው የሚያውቃት። የዱቦ ልጅ ናት፤ ከአክስቷ ከወይዘሮ ፋንታዬ ሥጋ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል የሰው ላፕቶፕ ስትፈታና ስትገጥም ትውላለች። ዘንድሮ ግን ፕሮግራም መጻፍ የሚባል አመል አወጣች። የጻፈችውም ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ሥርዓት ለሚሠሩ የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ሌሎች ፕሮግራሞችን፣ በሙያው ቋንቋ ፓኬጆችን፣ የሚያወርድ፣ የሚጭንና የጫነውን የሚያስታውስ ፓኬጅ ማኔጀር ነው። ኔትወርክ እንደ ክረምት ፀሐይ ብልጭ ብሎ በሚጠፋበት ቦታ፣ አንዴ የወረደውን ይዞ ለሁሉም ማካፈል ቀላል ነገር መሰላችሁ? እሷስ ከደስታዋ ብዛት እንጀራ መጉረስ ረስታ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ ገሱባ ትምህርት ቤት ላይ ሆነና ጉድ ፈላ። የኮምፒውተር መምህሩ ሶርሳ ጽዳት ይወዳል፤ ዲስኩ ሲሞላበት ካሽ የሚባለውን የጊዜያዊ ፋይሎች ቦታ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋል። አጠፋ። ብሩክታይት ደግሞ ለአሠራር ይቀለኛል ብላ የወረዱትን ፓኬጆችም፣ ምን እንደተጫነ የሚይዘውን መዝገብም እዚያው አንድ ላይ ከታቸዋለች። ኮምፒውተሮቹ የጫኑትን ሁሉ ረሱ። ርዕሰ መምህሩም፣ «አንድ ጊዜ ደግመሽ ሞክሪ፤ ከተበላሸ ግን ወደ ድሮው እንመለሳለን» አሏት።

«ሶርሳ ካሹን እንዳይነካ ንገሪው» የሚል መካሪ አልጠፋም። የሞኝ ምክር! ሶርሳን ብትነግረው የጉኑኖ ትምህርት ቤቱን መምህር ማን ይነግረዋል? ሰው ቦታ አይመርጥም፤ ፕሮግራሙ ራሱ የመረጠለትን ይዞ ይኖራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው ቦታ ትክክል መሆን ነበረበት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጨንቋት ለሶርሳ ደወለች። «ዳታውን የት ላስቀምጠው? ቸገረኝ እኮ!» ብላ በስልኩ ጮኸች።

ወይዘሮ ፋንታዬ ከማድ ቤት ሰሙ። ለጥሬ ሥጋው የሚቀርበውን የሚያቃጥል ዳጣ እየፈጩ ነበር።

«ዳጣውን? እሱማ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ይሁን! ቢደፋም ነገ ሌላ እፈጫለሁ። ለዘር ያስቀመጥኩትን በርበሬ ግን አደራሽን፣ ከዳጣው ጋር እንዳታስቀምጪ። ጠረጴዛ የሚወለውል ሰው አብሮ ይጠርገዋል። ጓዳ አስገቢው!»

«አክስቴ፣ ዳታ ነው እንጂ ዳጣ አላልኩም!» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን መሃል ላይ ቆመ።

የወረደ ፓኬጅ ቢጠፋ እንደገና ይወርዳል፤ ቫር ካሽ የሚባለው የጊዜያዊ ፋይሎች ማህደር ውስጥ ይግባ። መዝገቡ ቢጠፋ ግን ከየትም አይወርድም፤ ቦታው ቫር ሊብ የሚባለው፣ ጽዳት የማይነካው ማህደር ነው። የሊኑክስ ሰዎች ይህን ድሮ ደንብ አድርገውታል፣ እሷም አንብባዋለች። ማንበብና መረዳት ግን ለየቅል ናቸው። ሶርሳ በስልኩ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ እሷ ኮዱን መቀየር ጀምራለች።

ሰኞ ያንን ኮረኮንች መንገድ ሚኒባስ ውስጥ እየተንገጫገጨች ገሱባ ደረሰች። አዲሱን ጫነች፣ በእሱም ሌሎቹን ፕሮግራሞች አስገባችና ለሶርሳ ወንበሩን ለቀቀችለት።

«ቲቸር፣ ካሹን ያጽዱት።»

«እኔ? በጌታ ስም፣ ሁለተኛ አልነካም!» ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ። ለካ ከዚያን ቀን ወዲህ ተማሪዎቹ «አጥፊው» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አፍሮ ኪቦርዱን ለእነሱ ትቶላቸዋል። ብሩክታይት ይህን አታውቅም ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የማይጸዳውን ከሚጸዳው ጋር የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። ያጽዱት» አለችው፣ ተማሪዎቹ እየሰሙ።

ሶርሳ ዓይኑን ጨፍኖ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጫነው። ካሹ ባዶ ሆነ። ብሩክታይት ምን እንደተጫነ ፕሮግራሙን ጠየቀችው። ስሞቹ አንድም ሳይጎድል ከላይ እስከ ታች ተደረደሩ።

«እልልል!» ብላ ዘለለች። ተማሪዎቹም አብረው ጮኹ።

ሶርሳ ግን ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበ፣ ከዚያ ወንበሩን እየጎተተ ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር ሄደ።

«ዞር በሉልኝ» አላቸው፣ «ይሄንንም እኔ ነኝ የማጸዳው።»